ሰንጠረዡ «ፎቶ» ሲሆን

ባለፈው የውድድር ዓመት አንድ እሁድ ማታ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳንለዋወጥ «ቡና ስንተኛ ሆነ?» አለኝ።

ጓደኛዬ ማየት የተሳነው ነው። ሕግ ተምሮ ሥራ ይዟል፤ ስልክ አጠቃቀም ላይ እኔን ያስንቀኛል። ጨዋታውን በሬዲዮ ተከታትሏል። ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ፣ ማን ቢጫ እንዳየ ከእኔ በላይ ያውቃል። የጎደለው የደረጃ ሰንጠረዡ ብቻ ነው።

«ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ የለ እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። «ተለጥፏል። ስልኬ ምን ብሎ እንዳነበበልኝ ታውቂያለሽ? ‹ፎቶ›።»

በቃ። የስንት ክለብ የወራት ልፋት፣ ነጥቡ፣ ግቡ፣ የግብ ልዩነቱ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ ቃል ሆነ።

«ቆይ፣ እኔ ላንብብልህ» ብዬ አንድ የስፖርት ድረ-ገጽ ከፈትኩ። መጀመሪያ ነጭ ገጽ። ከዚያ የምትሽከረከር ክብ። ከዚያ የውርርድ ማስታወቂያ። ሰንጠረዡ ብቅ ሲል ልነካው ስል ገጹ ወደ ታች ዘለለና ጣቴ ማስታወቂያው ላይ አረፈ፤ ሌላ ገጽ ተከፈተ። ተመልሼ ስገባ እንደገና ከነጭ ገጽ ተጀመረ። በመሀል የዳታ ፓኬጄ ማለቁን የሚነግር መልእክት ገባ። ጓደኛዬ መስመር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሁለታችንም ቡና ስንተኛ እንደሆነ ሳናውቅ ደህና እደር፣ ደህና እደሪ ተባባልን።

እኔ ማየት እችላለሁ፣ እሱ አይችልም። የዚያን ማታ ግን እኩል ነበርን። በሩ ለእሱ የተዘጋው ሰንጠረዡ ፎቶ ስለነበረ ነው፤ ለእኔ የተዘጋው ገጹ ከባድ ስለነበረ ነው።

ዛሬ ልከራከርበት የፈለግኩት ነገር ይሄ ነው። ለሀገራችን ስፖርት ፈጣንና ለሁሉም ክፍት የሆነ የስታቲስቲክስ ድረ-ገጽ ያስፈልገናል። ይህ ደግሞ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ብዙ ነገር መተው ነው።

ቁጥሩ የማን ነው?

«ስታትስ የቤቲንግ ልጆች ጉዳይ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለም። ስታቲስቲክስ ከሁሉም በፊት የተጫዋቹ የሥራ ልምድ ወረቀት ነው።

አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ግብ አስቆጥሮ በአንድ የውድድር ዓመት ብዙ ግብ የማግባት ክብረ ወሰኑን ሰበረ። ከእሱ በፊት ክብረ ወሰኑ የጌታነህ ከበደ ነበር፤ በ2009 በደደቢት ማሊያ ያስቆጠራቸው 25 ግቦች። 29 ከ25 እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል። ግን በ2009 ሊጉ 16 ክለቦች ስለነበሩት አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርግ ነበር። በ2013 የነበሩት ክለቦች 13 ብቻ ናቸው፤ ጨዋታውም 24 ነው። ግቡን ለክለቡ የጨዋታ ብዛት ስታካፍሉት የጌታነህ 0.83፣ የአቡበከር 1.21 ይመጣል። የአራት ግብ ልዩነት ብቻ የመሰለን ነገር ሌላ መልክ ያዘ ማለት ነው። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

አቡበከር በቀጣዩ ዓመት ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ። 2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረበት ዓመት ስለነበር ግቦቹን ያየ ሰው ብዙ ነው። ካሜራ የማይደርስበት ሜዳ ላይ የሚጫወተውስ?

የሰፈሬ ልጅ አለ፣ በከፍተኛ ሊግ ሁለት ዓመት የተጫወተ አጥቂ። ጎረቤት ሀገር ያለ አንድ ክለብ ለሙከራ ሊጠራው አስቦ «የተጫወትካቸውን ጨዋታዎችና ያገባሃቸውን ግቦች የምናይበት ሊንክ ላክልን» አለው። ሊንክ የለውም። የነበረው ስልኩ ላይ ያጠራቀመው ስክሪንሾት ነው። ስልኩ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ከተሰረቀ አንድ ወር ሆኖታል። ሁለቱ ዓመታት ከስልኩ ጋር አብረው ሄዱ። ልጁ አልዋሸም፣ ግቦቹን አግብቷል፤ ማረጋገጥ ግን አልቻለም። ክለቡም ሌላ ልጅ ጠራ።

ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ጆርጅ አከርሎፍን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የሚያወራ ጽሑፍ በኋላ ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎች ዋናው ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ገዢው ደህናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። ያኔ የሚጎዳው ደህና መኪና ያለው ሰው ነው። የእኛን የተጫዋቾች ገበያ ሳስብ ይሄው ነው የሚታየኝ። መረጃ በሌለበት ጎበዙ ልጅ በአማካይ ዋጋ ይሸጣል፤ ልዩነቱን ደግሞ «እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔ ላገናኝህ» የሚለው ሰው ይወስደዋል። ክፍት የሆነ ሰንጠረዥ የዚህን ሰው ሥራ ያቀልለታል እንጂ አያጠፋበትም፤ ድርሻውን ግን ይቀንሰዋል።

ሦስት ሜጋባይት ማን ይክፈል?

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። 16 ክለብ ያለው የደረጃ ሰንጠረዥ ምን ያህል ዳታ ይፈጃል? አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ ፊደል ግን አንድ ባይት ነው። የክለቡን ስም፣ ስምንት ዘጠኝ ቁጥሮችንና የሰንጠረዡን ኮድ ደምሩበት፤ አንድ መስመር 150 ባይት አካባቢ ይሆናል። በ16 ስታባዙት 2,400 ባይት ነው። ከሦስት ኪሎባይት አያልፍም።

ያንን ሦስት ኪሎባይት ለማሳየት ሦስት ሜጋባይት የሚያወርድ ገጽ ብርቅ አይደለም። አንድ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ቀሪው ምንድን ነው ካላችሁ፦ ትልልቅ ፎቶዎች፣ ራሱ የሚከፈት ቪዲዮ፣ እናንተን የሚከታተል ኮድ፣ ማስታወቂያ፣ እንዲሁም ገጹን ስልካችሁ ላይ ከዜሮ የሚገጣጥም ጃቫስክሪፕት።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ኔትወርኩ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ላይ ወረደ እንበል። ሦስት ሜጋባይቱ ገጽ ለመከፈት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ገጹ 30 ኪሎባይት ቢሆን ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ጨዋታው ራሱ ሊቀየር ይችላል።

ገንዘቡንም እናስላ። ገጹን 10,000 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢከፍተው 30,000 ጊዜ ነው። በሦስት ሜጋባይት በቀን 90 ጊጋባይት ይሆናል፤ በ30 ኪሎባይት ግን አንድ ጊጋባይት እንኳን አይሞላም። ልዩነቱን የሚከፍለው የድረ-ገጹ ባለቤት አይደለም፤ በፓኬጅ በፓኬጅ የሚገዙት አንባቢዎች ናቸው። ክፍል ውስጥ ይህን «ውጫዊ ወጪ» እንለው ነበር፤ ፋብሪካው ጭሱን ይለቃል፣ የሚያስለው ግን ጎረቤቱ ነው። ገጹን የሠራው ሰው ሁለት ቀን ቆጥቧል፤ አሥር ሺህ ሰው ግን በየቀኑ ይከፍልለታል።

«ዘመኑ የፎርጂና የፋይቭጂ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ቦሌ ቁጭ ብላችሁ ከሆነ። ግን የእግር ኳስ ፍቅር ኔትወርክ እየመረጠ አይይዝም። ስታዲየም ውስጥም ሞክሩት፤ ሰው ሁሉ ስልኩን በአንዴ ሲያወጣ ጥሩው ኔትወርክም ያነክሳል።

ቀላል ገጽ ለድሃ ሀገር ብቻ የታሰበ እንዳይመስላችሁ። አርኤስኤስኤስኤፍ የሚባለው የእግር ኳስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1994 በፈቃደኞች የተመሠረተ ነው። ገጾቹ ዛሬም ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ ፎቶ የለ፣ ቀለም የለ። የእኛን ሀገር ሻምፒዮኖች ዝርዝር ጭምር ይዟል፤ በየትኛውም ስልክ ይከፈታል። አሜሪካኖች ደግሞ ቤዝቦል ሪፈረንስ አላቸው። ሾን ፎርማን የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ጀመረው፤ ከላይ እስከ ታች ሰንጠረዥ ነው። ጋዜጠኛውም ደጋፊውም ሲከራከር እዚያ ሄዶ ይፈርዳል። ሰው ወደ እነዚህ ገጾች የሚመለሰው የፈለገው ቁጥር ሳያደክመው ስለሚያገኝ ነው፤ ውበታቸውን ብሎ አይደለም።

ክረምቱን ምን ስሠራ ከረምኩ?

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ክረምቱን በሙሉ አንድ ትንሽ ድረ-ገጽ ስሠራ ከረምኩ። ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ከዩቲዩብና ከጓደኞች ነው የተማርኩት። ሠርቼ ስጨርስ የገባኝ ነገር ቢኖር ከባዱ ሥራ ኮዱ እንዳልሆነ ነው። ከባዱ የእኛን ነገር በእኛ ልክ ማሰብ ነው።

መጀመሪያ፣ ሰንጠረዥን ሰንጠረዥ አድርጉት። ኤችቲኤምኤል ራሱ የሰንጠረዥ ኮድ አለው። የእያንዳንዱ አምድ ርዕስ ርዕስ መሆኑ በኮዱ ከተገለጸ፣ ስልክ ላይ ያለው ስክሪን አንባቢ ቁጥሩን ከርዕሱ ጋር ማገናኘት ይችላል። ካልተገለጸ ጓደኛዬ የሚሰማው «14፣ 8፣ 3፣ 3፣ 27» ነው። 27ቱ ነጥብ ይሁን ግብ በምን ያውቃል? በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ ሰንጠረዥ የሚመስል ነገር ለዓይን ያው ነው፤ ለጆሮ ግን የሎተሪ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፣ አንዴ ጋግሩና አስቀምጡ። ብዙ ድረ-ገጾች አንድ ሰው በገባ ቁጥር ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ያሰላሉ። ለእያንዳንዱ እንግዳ ምጣድ እንደ መጣድ ነው። የሊግ ውጤት ግን የሚቀየረው ጨዋታ ሲኖር ብቻ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ገጹን አንዴ ሠርቶ ፋይሉን ማስቀመጥ ይበቃል፤ የመጣ ሁሉ ያንኑ ይወስዳል። እንዲህ ዓይነት ገጽ በነፃ የሚያስተናግዱ አገልግሎቶች ስላሉ ዓመታዊ ወጪዬ የስሙ ኪራይ ብቻ ነው። አንዴ የከፈታችሁት ገጽ ስልካችሁ ውስጥ እንዲቀመጥም ማድረግ ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቢያንስ የትናንቱ ሰንጠረዥ አለ።

ሦስተኛ፣ ያለውን አትላኩ። የሚያምር የአማርኛ ፎንት ልጨምር ብዬ ሳየው የፎንቱ ፋይል ከሰንጠረዡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስማርት ስልካችሁ ውስጥ ግን የግዕዝ ፊደል ቀድሞ ተጭኖ አለ። አወጣሁት።

አራተኛ፣ በቀለም ብቻ አትናገሩ። የአምስት ጨዋታ ውጤትን በአረንጓዴና በቀይ ነጥብ ማሳየት ፋሽን ነው። አረንጓዴና ቀይ የማይለይ ሰው አለ፤ በተለይ ወንዶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ በፊደል ልጻፈው አልኩ፤ «አሸነፈ»ን «አ»፣ «አቻ»ንም «አ» ብዬ! ሁለቱም በአንድ ፊደል እንደሚጀምሩ ያስተዋልኩት ገጹን ከፍቼ «አአአአአ» የሚል ክለብ ሳይ ነው። አሁን «ድ» ድል፣ «አ» አቻ፣ «ሽ» ሽንፈት ነው። ከእንግሊዝኛ የገለበጠ ሰው ይህ ችግር አይገጥመውም፤ ምክንያቱም ለአማርኛ አንባቢ አላሰበም። ቀለሙንም ቢሆን ደመቅ አድርጉት። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። ለዓይነ ደካማ የታሰበው ይህ ልክ፣ የጠዋት ፀሐይ ፊታችሁ ላይ እያለ ስልክ ለምታነቡት ለእናንተም ይጠቅማል።

አምስተኛ፣ ስም። የውጪ ሲስተሞች ሰውን በ«ቤተሰብ ስም» ያስቀምጣሉ። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ነው። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ እህትማማች ናቸው፤ በእነሱ ሰንጠረዥ ላይ ግን ሦስቱም «ዲባባ» ናቸው። ሮጦ ያሸነፈው አባት ይመስል! በእኛ መዝገብ ላይ የሰው መለያ የራሱ ስም ይሁን፤ የአባት ስም ሳያጥር ይከተል።

ፍለጋውም አለ። አንዱ «ኃይሌ» ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው «ሃይሌ»። «ፀጋዬ»ና «ጸጋዬ»ም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ያምናል፤ የፈለጋችሁትን ልጅ «አልተገኘም» ይላችኋል። መፍትሔው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ማምጣት ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የስሙ ትክክለኛ አጻጻፍ ግን ገጹ ላይ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል።

ስድስተኛ፣ ዘመን። የእኛ ሊግ ጥቅምት ገደማ ተጀምሮ ሰኔና ሐምሌ አካባቢ ያልቃል። ፈረንጆቹ 2020/21 ብለው በሁለት ዓመት የሚጽፉት ውድድር ለእኛ አጭርና ግልጽ ነው፤ 2013። ለዚህ የተመቸ አቆጣጠር እያለን በራሳችን ገጽ ላይ መቀየጥ ለምን ያስፈልጋል? ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ሪያድ ላለችው እህታችን በዚያው ቅጽበት ነው፣ የእሷ ስልክ ግን 3 ሰዓት ይላል። ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ገና ጠዋት ላይ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰዓት ይቅደም፣ ከጎኑ አንባቢው ያለበት ቦታ ሰዓት ይጻፍ።

ሰባተኛ፣ መዝገብ አይዋሽም፣ አይጠጋጋምም። ሲድኒ፣ እ.ኤ.አ. 2000፣ የ10,000 ሜትር ፍፃሜ። ኃይሌ ገብረሥላሴ 27:18.20፣ ፖል ቴርጋት 27:18.29። ገጻችሁ ከሰከንድ በታች ያለውን ቆርጦ 27:18 ብቻ ካሳየ ያንን ሁሉ እንባና ጩኸት አቻ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሌላም አለ። በ2012 ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ ያለ ሻምፒዮን ቀረ። የተጫወቱት ጨዋታዎችስ? የገቡት ግቦችስ? እኔ «የተሰረዘ ውድድር» የሚል ምልክት አድርጌ ግቦቹን አስቀመጥኳቸው፤ ከክብረ ወሰን ስሌት ውስጥ ግን አላስገባኋቸውም። ከእኔ ጋር የማይስማማ ሊኖር ይችላል። ዋናው ነገር ውሳኔዬ ገጹ ላይ ተጽፎ መታየቱ ነው።

«ማን ሊያየው?»

ሥራውን ያሳየኋቸው ሰዎች ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ሦስቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው።

አንደኛው «የውጪዎቹ አፖች አሉ እኮ» የሚል ነው። አሉ፣ እኔም እጠቀማለሁ። ለፕሪምየር ሊጉ ውጤት ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ለከፍተኛ ሊግ፣ ለሴቶች ሊግ፣ ለታዳጊዎች ውድድር ግን ምን ያህል ይጨነቃሉ? ለእነሱ እኛ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሊጎች አንዱ ነን። ነገ አያዋጣም ብለው ቢተዉን መዝገባችን አብሮ ይሄዳል። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ድል፣ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን ቀን፣ በቃል እያወራን እስከ ዛሬ አድርሰነዋል። የአንድ ፍፃሜ ታሪክ በቃል ይተርፋል። የአንድ ሙሉ ሊግ ዓመት ግን በቃል አይተርፍም።

ሁለተኛው «ሰው የሚያምር ነገር ነው የሚወደው፤ ተራ ሰንጠረዥ ማን ሊያየው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ትንሽ አስጨንቆኛል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። ፎቶው ሼር ይደረጋል፣ ሊንኩ አይደረግም። የቴሌግራም ቻናል ያላቸው ልጆች ፎቶ የሚለጥፉት ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ፎቶ ፈጥኖ ስለሚታይ ነው። እኔም ፎቶውን ይተዉት አልልም። ከሥሩ ውጤቱን በጽሑፍ ይድገሙት ነው የምለው። አንድ ደቂቃ ነው። ያኔ ጓደኛዬም ይሰማዋል፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚፈልገውም ሰው ያገኘዋል።

ሦስተኛው «ከምን ትበያለሽ?» የሚል ነው። ይሄኛው የእናቴም ጥያቄ ነው። እስካሁን ከዚህ ሥራ አንድ ብር አላገኘሁም። የውርርድ ማስታወቂያ ብቀበል ነገ ገንዘብ ይመጣል፤ ግን ገጹ ይከብዳል፣ ቁጥሩም ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። የሚከፍለኝ ሰው በሚወራረድበት ቁጥር ላይ ዳኛ መሆን አልፈልግም። ወጪው ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ሳልቸኩል መቆየት እችላለሁ። ቀላል ገጽ ለአንባቢው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ነፃነት እንደሚሰጥ የገባኝ በዚህ ነው። ወጪው ትንሽ የሆነ ሰው ጌታው ትንሽ ነው።

አንድ ሰው ግን ሊግ አይመዘግብም። እኔ በሬዲዮና በቀጥታ ዘገባ እየተከታተልኩ፣ ሁለት ምንጭ ሳይስማማ አልጽፍም ብዬ እየታገልኩ፣ ከአንድ ሊግ በላይ መያዝ አልቻልኩም። ስለዚህ ጥያቄ አለኝ። ውድድር የምትመሩ ሰዎች፣ የዳኛው የጨዋታ ወረቀት እጃችሁ ላይ አለ። የቋሚ ተሰላፊዎቹ ስም፣ ቅያሪው፣ ግብ አግቢው፣ ደቂቃው፣ ካርዱ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ስካን የተደረገ ፎቶውን ሳይሆን ጽሑፉን በየሳምንቱ ልቀቁት። ድረ-ገጽ ሥሩ አላልኩም፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃል። የቀረውን እዚህ ሀገር ያሉት ኮድ የሚችሉ ወጣቶች ይሠሩታል። ክለቦችም እንዲሁ፤ የተጫዋቻችሁ ዋጋ የሚጨምረው ሰው ሥራውን ማየት ሲችል ነው።

ተጫዋች የሆናችሁ ልጆች ደግሞ የራሳችሁን መዝገብ ዛሬ ጀምሩ። ቀን፣ ተጋጣሚ፣ የተጫወታችሁት ደቂቃ፣ ግብ። ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ስልክ ይሰረቃል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ገጹን መጀመሪያ ስለቅ ሰንጠረዡን የምሞላው በእጄ ነበር። ሊንኩን ለጓደኛዬ ላክሁለት። በሁለተኛው ቀን ደወለ።

«ሰማሁት፣ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ተሳስተሻል።»

«የቱ ጋ?»

«የግብ ልዩነቱን ሁሉ ደመርኩት። አንዱ ያገባው ሌላው ላይ የገባ ስለሆነ ድምሩ ዜሮ መምጣት ነበረበት። ያንቺ 2 መጣ።»

ተመልሼ ሳየው እውነቱን ነው። የአንድ ክለብ የ2 ለ 0 ድል ስመዘግብ የተሸናፊውን መስመር ሳላስተካክል ቀርቻለሁ። ብዙ ሰው በዓይኑ አይቶት አልፎታል፣ እኔም ጭምር። እሱ አንድ በአንድ ሰምቶ ያዘኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንጠረዡን በእጄ አልነካም፤ ከጨዋታ ውጤቶቹ ራሱ ይሰላል። ገጹ ግርጌ ላይም «የታረሙ ስህተቶች» የሚል ዝርዝር አለ። የመጀመሪያው መስመር የእሱ ነው።

አሁን እሁድ ማታ ቡና ስንተኛ እንደሆነ ለመጠየቅ አይደውልልኝም። ቡና ሲሸነፍ ለመነጫነጭ ግን ይደውላል።